የቆጥ ሰፈር ወረፋ

ቆጥ ሰፈር አዲስ ሰው ሲገባ ዕቃ የሚያወርድለት አያጣም። የዚያን ቀን ምሳም ከአንዱ ቤት ይመጣለታል። ግን በገባ በሳምንቱ ይቺን ግንድ ልቁረጥ፣ ያንን ቦይ ላዙር፣ ይህን አጥር ላቅና ማለት የጀመረ እንደሆነ፣ ከአንዱ ደጃፍ አንዲት አባባል ትወረወርለታለች። ሰፈርተኛው ይስቃል። አዲሱ ሰው ምን እንዳሳቃቸው ባይገባውም እንግዳ ነውና አብሮ ፈገግ ይላል። አባባሏ ከሩቅ የመጣች አይደለችም፤ እዚሁ ሰፈር የተወለደች፣ ዘመድ አዝማድ ያላት ናት። ሳቁ ማንንም እንዳያመልጥ ታሪኳን መንገር ደግ ነው።

ነገሩ የሆነው ቧንቧ በየግቢው ሳይገባ በፊት ነው። ደሴ ላይ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ሠላሳ አንድ ቤቶች ዳገቱ ላይ ተደራርበው ተሠርተው ነበር። ከታች ሆኖ ለሚያያቸው ቆጥ ላይ የሰፈሩ ስለሚመስሉ ነው ሰፈሩ ቆጥ የተባለው። ለሠላሳ አንዱም ቤት የነበረችው አንዲት ቦኖ ናት። እሷም ከዳገቱ ሥር፣ ጭቃ መሀል ቆማ የምትጠበቅ ብቸኛ ቧንቧ ነበረች።

ወደዚህ ሰፈር ነው ካቦ ይርዳው ከሚስቱ ከየውብዳር ጋር አንድ ቅዳሜ በጭነት መኪና የመጣው።

ካቦ ይርዳው ሃያ ሦስት ዓመት መንገድ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ካቦነቱ የቅጽል ስም አይደለም፤ አርባ ሰው ያዝዝ ነበር። ድንጋይ ሲያይ እንደ ሌላው ሰው አይደለም የሚያየው። አንዱን በጫማው ጫፍ ገፋ አድርጎ «ይሄ ለመሠረት» ይላል፤ ሌላውን አገላብጦ «ይሄ ለኮረት እንጂ ለሌላ አይሆንም» ይላል። መንገድ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ካየ ደግሞ መዳፉን ይበላዋል። ጡረታ ሲወጣ ይዞት የወጣው ንብረት አንድ መዶሻ፣ አንድ ዲጂኖ፣ አንድ አካፋና ያላለቀ ጉልበት ነበር።

የውብዳር ይዛ የመጣችው ሌላ ነው። እሷ ሃያ ሦስት ዓመት ድንኳን ስትተክልና ስትነቅል ኖራለች። ከአንዷ ሴት ጋር ጨው መበዳደር ስትጀምር መንገዱ ያልቃል፤ ሁሉም ተነቅሎ ወደ ሌላ በረሃ ይወርዳል። ሁለቱንም ልጆቿን የወለደችው እልል የሚልላት ጎረቤት በሌለበት ነው። የቤቱን ቁልፍ የተቀበሉ ዕለት ባሏን በር ላይ አቆመችው።

«ስማ ይርዳው፤ ከዚህ ወዲያ አልነቀልም። እኔ አሁን የምፈልገው የምጣላትና የምታረቃት ጎረቤት ነው። መጣላቱን ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ። አንተ ብቻ እንዳታበላሽብኝ።»

እሱም ምን በወጣኝ አበላሻለሁ አላት።

በዚያ ሰፈር ሰው የሚሆኑት ቅሬ ሲገቡ ነው። ቅሬ ማለት በወሎ ለቀብሩም፣ ለሠርጉም፣ ለዕርቁም የሚሰበሰበው የሰፈር ማኅበር ነው፤ እስላም ክርስቲያን ሳይል አብሮ ያለቅሳል፣ አብሮ ይበላል። የቆጥ ሰፈር የቅሬ ዳኛ ጋሽ ውበቱ ይባሉ ነበር። ሚስታቸው እትዬ ስንዱ ከሞቱ ገና ወር ገደማ ስለነበር ብዙ አይናገሩም። አዲሶቹን ጎረቤቶች በአጭሩ፣ ነገ ሳይሆን የሚቀጥለው እሑድ ኑ፣ ስማችሁን እናነሳለን፣ ሰፈርተኛው ይመክርበታል አሏቸው። የውብዳር ያን እሑድ እንደ ሠርግ ቀን ትቆጥረው ጀመር።

ካቦ ይርዳው ግን ቅሬ ፊት ባዶ እጁን መቅረብ አልሆነለትም። ሰው ሥራውን አይቶ ይቀበለው ዘንድ አንድ ነገር መሥራት አለበት። በማግስቱ እሑድ ሰፈሩን ሲዞር ዋለና የሚፈልገውን አገኘ። ቦኖዋ ፊት ያለው ጭቃ ሴቶቹን እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ይውጣቸዋል። ከቦኖዋ ጀምሮ ደግሞ ወደ ላይ፣ የመንገዱን ጠርዝ ይዞ፣ ድንጋይ ተደርድሯል። ቆጠራቸው፤ ሠላሳ ሁለት ናቸው። ትልቅ አለ፣ ትንሽ አለ፣ የወፍጮ ስባሪ አለ፣ ጡብ አለ፣ ክዳኑ የጠፋ የከሰል ካውያ እንኳ አለ። አንድ ሰነፍ የቦይ ጠርዝ ጀምሮ ትቶት የሄደ መሰለው። ድንጋይና ጭቃ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይህ ሁሉ ሰው እንዴት ዝም ይላል ብሎ አዘነላቸው።

ሰኞ የደሴ ገበያ ነው፤ ሰፈሩ ነጋ ሲል ይራቆታል። የግድግዳ ጎረቤታቸው ዘይነባ መጥታ ደህና በርበሬ የሚሸጥበትን ላሳይሽ ብላ የውብዳርን ይዛት ወረደች። የውብዳር ቅርጫቷን ይዛ እንደ ልጅ እየተጣደፈች ተከተለቻት። ካቦ ይርዳውም ይህችን ሰዓት ነበር የሚጠብቅ፤ መዶሻውን አነሳ።

ሥራው እንከን አይወጣለትም። ጭቃውን ዝቆ ጣለ፤ ትልልቆቹን ድንጋዮች ፈልጦ ከሥር አነጠፈ፤ የቀሩትን አድቅቆ ኮረት አድርጎ ከላይ ደለደለ፤ በእግሩም በአካፋውም ጠቀጠቀ፤ ውኃ እንዳያቁር ጎኑን ወደ ቦዩ ሸርተት አደረገው። ካውያውን ለዚህ ሥራ አትሆንም ብሎ ቆሻሻ መጣያው ላይ ወረወረው። ቀትር ላይ ሲጨርስ ቦኖዋ የመኳንንት ደጃፍ መስላለች። ላቡን ጠራርጎ፣ መዶሻውን ተደግፎ፣ ምስጋናውን ሊቀበል ቆመ።

ሴቶቹ ከገበያ ብቅ ሲሉ ቧንቧዋ ማንኮራፋት ጀመረች። ቧንቧዋ ካንኮራፋች ውኃ እየመጣ ነው ማለት ነው፤ ሁሉም ሸክሙን እየጣለ ሮጠ። ደርሰው ቆሙ። ካቦ ይርዳው ዝም ያሉት ከመገረም መሰለው፤ ልታይ ባይ ሰው አይደለምና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

ቀድማ የተናገረችው ዘይነባ ናት።

«ካቦ፣ እዚህ የነበሩትን ሰዎች የት አደረሷቸው?»

«ኧረ ሰው አልነበረም። ድንጋይ ብቻ ነው የነበረ።»

«እነሱን ነው የምልዎት።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ውኃዋ በሦስት ቀን፣ ሲከፋም በአምስት ቀን አንዴ ነው የምትመጣው፤ ሰዓቷን የሚያውቅ የለም። ያን ሁሉ ቀን ቆሞ የሚጠብቅ ስለሌለ እያንዳንዱ ቤት በወረፋው ላይ አንድ ድንጋይ አስቀምጧል። ድንጋዩ ካለ ባለቤቱ ቆሟል ማለት ነው። የቀዳ ሰው ድንጋዩን ከኋላ ወስዶ ያስቀምጣል፤ የሌላው ይጠጋል። የአራስ ሴትን ድንጋይ ጎረቤቷ ታስጠጋላታለች። የተኳረፉ ሰዎች እንኳ ሰላምታ ይነፋፈጋሉ እንጂ አንዱ የሌላውን ድንጋይ ከቦታው አይነካም። ሰው ሲሞት ድንጋዩ እስከ አርባው ከሰልፉ አይወጣም፤ በእሱ ተራ የተቀዳው ውኃ ለሐዘንተኛው ቤት ይሄዳል። እንግዲህ የዚያን ዕለት ጠዋት ቦኖዋ ፊት የቆመው ቆጥ ሰፈር በሙሉ ነበር። ካቦ ይርዳው ረፋዱን ያን ሕዝብ በመዶሻ ሲፈልጥ ነው ያረፈደው።

ውኃዋ መጣች፤ ተራው ግን የማን ነው? አንዷ ከዘይነባ ቀጥሎ ያለሁት እኔ ነኝ ስትል ሌላዋ ትቀበልና እኔ ነኝ ትላለች። አራት ሴቶች ከወፍጮ ስባሪዋ ኋላ ነበርን ብለው ማሉ። እነሱ ሲከራከሩ ውኃው ካቦ ይርዳው ባበጀለት ሸርተቴ ኮለል እያለ ወደ ቦዩ ወረደ። ዘጠኝ ቤት እንደቀዳ ቧንቧዋ አንዴ አንኮራፍታ ዝም አለች። ሃያ ሁለት ቤት ባዶ ጀሪካኑን ይዞ ዳገቱን ወጣ። ካቦ ይርዳውን ማንም አልሰደበውም። የባሰው ይሄ ነው፤ የሚሰደብ የሰፈር ሰው ነዋ።

ቤት ሲገባ የውብዳር ፍራሹን እየጠቀለለች አገኛት። ምን እየሠራሽ ነው አላት።

«የለመድኩትን» አለችው ቀና ሳትል። ከዚያ ገመዱን እያጠበቀች ጠየቀችው። «ሠላሳ ሁለት ነበሩ አላልክም? ቤቱ ሠላሳ አንድ ነው። ትርፏ የማን እንደነበረች ታውቃለህ?»

አላወቀም።

«የኛ ነበረች። ዘይነባ ቅዳሜ ዕለት ዕቃችን ሳይወርድ ነው ያስቀመጠችልን። ዛሬ ስንወርድ አሳየችኝ፤ ከሁሉ ኋላ ያለች ትንሽ ቀይ ድንጋይ። ሃያ ሦስት ዓመት ጠብቄ ግማሽ ቀን ቆምኩባት።»

ካቦ ይርዳው ፍራሹን ከእጇ ወስዶ ፈታውና አርባ ሰው ባዘዘበት አፉ እስከ እሑድ ብቻ ታገሺኝ ብሎ ለመናት። እሷም ታገሠች፤ ግን ቅሬው እምቢ ካለን እኔ ኮምቦልቻ ልጄ ዘንድ እወርዳለሁ፣ አንተ መንገድህን ጥረግ አለችው።

ማክሰኞ ጠዋት የመንገድ ሥራ ደብተሩን ይዞ ወጣ። በየቤቱ እየቆመ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ከፊትዎ ማን ነበር? ከኋላዎስ? ወረፋውን እንደ ፈረሰ ድልድይ ከሁለት ወገን አያይዞ ሊሠራው ነው ያሰበው። በመጀመሪያዎቹ ቤቶች በር ላይ ቆሞ ነበር የሚጽፈው። ግን ድንጋይዎ ምን ዓይነት ነበረች ብሎ ሲጨምር፣ መልሱ ቆመው የሚጨርሱት ሆኖ አልተገኘም። ግባ ይሉታል፤ በርጩማ ይቀርባል።

በዕድሜ የሰፈሩ ታላቅ የነበሩት፣ ዓይናቸው የደከመው እማማ ትርንጎ፣ የወፍጮ ስባሪዋ ባለቤት እሳቸው ናቸው። በልጅነታቸው ተድረው ሲመጡ ከአማታቸው የተረከቡት ወፍጮ ነበር፤ ወገባቸውን ያጎበጠው እሱ ነው። የሞተር ወፍጮ ከተማ የገባ ዕለት በገዛ እጃቸው ከሁለት ሰበሩት። አንዱን ስባሪ ወረወሩት፤ ሁለተኛውን፣ እኔ ስንት ዘመን እሷ ላይ ተደፍቼ ኖሬ፣ አሁን ደግሞ እሷ ለኔ ትቁም ብለው ወረፋ ላይ አስቀመጡት። የዘይነባ ድንጋይ ነጭ መቀነት ያላት ጥቁር ነበረች። ባሏ ሲያጫት ከቦርከና ዳር አንስቶ፣ ወርቁን እስካመጣልሽ ይቺን ያዥ ብሎ የሰጣት ናት። ወርቁ ሳይመጣ ባልየው ሞተ፤ ድንጋይዋ ግን ሠላሳ ዓመት ውኃ አስቀዳቻት። ዘይነባ ይህን ስትነግረው አላለቀሰችም፤ ነጠላዋን ጠበቅ አድርጋ፣ ኮረቷም ቢሆን እግሬ ሥር ናት አለችው። ልብስ ሰፊው እንድሪስ ካውያውን ካቦ ይርዳው ከቆሻሻው አውጥቶ፣ አጥቦና ዝገቱን ፍቆ ሲመልስለት አገላብጦ አየውና፣ ወረፋ ስትጠብቅ እንዲህ አምራ አታውቅም ብሎ ሳቀ።

ሐሙስ ውኃዋ መጣች። ካቦ ይርዳው ደብተሩን ይዞ ቦኖዋ አጠገብ ቆመና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተራ ጠራ። የተከራከረ አልነበረም፤ አራቱ ሴቶች እንኳ ስማቸው በደብተር ሲነበብ ደስ ስላላቸው ዝም አሉ። የአቅመ ደካሞቹን ጀሪካን በትከሻው እያመላለሰ ዳገቱን ሲወጣ ዋለ። በማግስቱ ሠላሳ አንድ አዳዲስ ድንጋዮች፣ አንደኛዋ ካውያ፣ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተሰልፈው አገኘ። ሠላሳ ሁለተኛ የለችም። አንዲት ድንጋይ አንስቶ ከኋላ መጨመር ይችል ነበር፤ ግን የአዲስ ሰውን የመጀመሪያ ድንጋይ የሚያስቀምጥለት ጎረቤት እንደሆነ አሁን ያውቃል። ዘይነባም አላስቀመጠችም። ቅሬውን እየጠበቀች ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት የቀረው አንድ ቤት ነበር፤ ፈርቶ ወደ መጨረሻ የገፋው፣ ተራውንም ከጎረቤቶቹ የሰማው የጋሽ ውበቱ ቤት። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ለብሰው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ደብተሩን ሲያዩ የኛን አትጻፍ አሉት። የስንዱ ድንጋይ ታሪክ የላትም፤ ከመንገድ ያነሳቻት ተራ ጥቁር ድንጋይ ናት። ነገር ግን እሷ ከሞተች ወዲህ ውኃ በመጣ ቁጥር አንድ ሰው ባልዲ ይዞ እየገባ፣ የእትዬ ስንዱ ተራ ነው ብሎ አስቀምጦላቸው ይሄድ ነበር።

«ስጠጣው እሷ ወርዳ የቀዳችልኝ ይመስለኝ ነበር» አሉ። «ሰኞ ዕለት አርባዋ ሊሞላ ዘጠኝ ቀን ነበር የቀረኝ።»

ካቦ ይርዳው ደብተሩን አጠፈ። ሊሄድ ተነሥቶ እንደገና ተቀመጠ። ጥቁሯ ድንጋይ አንድ ጎኗ ጠፍጣፋ ነበር ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ነበር አሉ።

«እንግዲያስ አልሰበርኳትም። መዶሻዬን ሁለት ጊዜ መለሰችው፤ በሦስተኛው እጄን አነዘረኝና ተውኳት። እንዲህ ያለች ለመሠረት ናት ብዬ ከቧንቧዋ አፍ ሥር፣ ውኃው የሚያርፍበት ላይ ተከልኳት። አለች።»

ጋሽ ውበቱ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። ሁለቱ ቁልቁለቱን ቀስ ብለው ወረዱ። ከቧንቧዋ ሥር አንዲት ጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ ጠብታ እየተቀበለች ታበራለች። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ዳሰሷት።

«እሷ ናት። እኔንም እንዲሁ ነበር የምትመልሰኝ።» ከዘራቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። «ዕድሜዋን ሁሉ ወረፋ የዘለለ ሰው ስትረግም ኖራ፣ ይኸው ከሁሉ ፊት ተቀምጣለች።»

ላውጣት እንዴ ብሎ ጠየቃቸው። ተዋት፣ ደልቷታል አሉት። ስለ እሑድ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ ዳኛ ናቸውና።

እሑድ ጠዋት ካቦ ይርዳው አባቶቹ ሲያደርጉ ያየውን ሊያደርግ ቆረጠ። የበደለ ሰው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ነው የሚማጸነው። የውብዳር ነጠላዋን አደግድጋ ስትከተለው ቀድሟት ወጣ። ቀላል ድንጋይ ቢሸከም ጸጸቱም የቀለለ ይመስላል ብሎ፣ መንገድ ዳር አንድ አጥር ሥር ያያትን ከባድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነሳ። ማጅራቱ ላይ አጋደማት፤ ጫማውን አውልቆ ቅሬው ወደሚሰበሰብበት የጽድ ዛፍ ሥር ወረደ።

ሰፈርተኛው በሙሉ ተቀምጧል። ካቦ ይርዳው መሀላቸው ተንበረከከ።

«በድያችኋለሁ። ሰፈር ያቀናሁ መስሎኝ ሰፈር አፈረስኩ። ለኔ ባይሆን ለየውብዳር ስትሉ ማሩኝ።»

የውብዳር ከኋላው ቆማ የሰውን ፊት አንድ በአንድ ታያለች፤ እጇ የነጠላዋን ጥለት ይፈትላል። ጋሽ ውበቱ ወደ እማማ ትርንጎ ዞሩ። ድንጋዩን ከበዳዩ አንገት የሚያወርድ በዕድሜ የሚበልጠው ሰው ነው፤ ካወረደ ምሕረት ነው፣ ካላወረደ በዳዩ እንደተሸከመ ይመለሳል። እማማ ትርንጎ ዘይነባን ተደግፈው መጡ። ሁለት እጃቸውን ድንጋዩ ላይ አሳረፉ። ሊያነሱ ሲሉ ጣቶቻቸው ቆም አሉ። ጠርዙን ዳበሱ፤ ወደ ሌላው ጠርዝ ሄዱ፤ ተመልሰው ዳበሱ።

«ይርዳው።»

«አቤት እማማ።»

«ይቺን ከየት አነሳሃት?»

«ከመንገድ ዳር። አንድ አጥር ላይ ተደግፋ ነበር።»

«እሷ አልተደገፈችም፤ እሷ ናት የደገፈችው። የዶሮ ቤቴ መዝጊያ ናት።»

ሰው ሁሉ ወደ ዳገቱ ቀና አለ። የእማማ ትርንጎ ቀይ ዶሮ ጫጩቶቿን አስከትላ መንገዱን ይዛ ትወርዳለች፤ ከኋላ አውራው ይከተላል። መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ውበቱ ናቸው። ከስንዱ ቀብር ወዲህ ጥርሳቸው አልታየም ነበርና ሌላው እሳቸውን እያየ ሳቀ፤ ዘይነባ ጽዱን ተደግፋ እንባዋን ትጠርጋለች። ካቦ ይርዳው ብቻ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ እንዳጋደመ ተንበርክኳል፤ አንገቱን ማንሳት አልቻለም።

ጋሽ ውበቱ ሳቃቸውን እንደምንም ሰብሰብ አድርገው ፈረዱ፤ ስማቸው ይጻፍ፣ እንዲህ ያለ ሰው ከቅሬ ውጭ ከተተወ ሌላ ሰፈር ሄዶ ያፈርሳል። እማማ ትርንጎም ድንጋዩን ከአንገቱ አወረዱ። ድንጋይዋን ለየውብዳር ሰጠኋት፣ እሱ ዶሮዎቼን ሰብስቦ ይመልስ፣ በሩንም በሳንቃ ይሥራልኝ አሉ። ዘይነባ የተሰጠችውን ድንጋይ አቀፈችና የውብዳርን በክንዷ ይዛ ወደ ቦኖዋ ወረደች፤ ከሠላሳ አንዱ ኋላ ሲያስቀምጧት የውብዳር ድንጋይዋ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ድምፅ አሰማች። ላይ ጽዱ ሥር ካቦ ይርዳው ጉልበቱን አራግፎ ሲነሳ እማማ ትርንጎ እጁን ያዙት፤ በደከመ ዓይናቸው ፊቱን እየፈለጉ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲህ አሉት፤ «ልጄ፣ ሰፈር ሳይለምዱ ድንጋይ አያነሱም።»